የ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካዊት ሠዓሊ ሥራዎችን ካታሎግ ማድረግ፦ ሊሊ ማርቲን ስፔንሰርን ይዘን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው

ካታሎግ ሲባል ብዙ ሰው ሙዚየም ውስጥ የተሰቀሉትን ሥዕሎች ለቅሞ መደርደር ይመስለዋል፣ እሱ ግን የተረፈውን መቁጠር ነው እንጂ ካታሎግ አይባልም። የአንድ ሠዓሊ ካታሎግ ማለት ሰውዬዋ ዕድሜ ልኳን የሠራችው ሁሉ፣ የጠፋውም፣ ማን ቤት እንዳለ የማይታወቀውም፣ ጋዜጣ ላይ በአንድ መስመር ብቻ የተጠቀሰውም ቁጥር ተሰጥቶት የሚገባበት መዝገብ ነው። ሠዓሊዋ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሴት ከሆነች ደግሞ ይሄ ነገር በጣም ወሳኝ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሥራዋ የሚጠፋው ሸራው ስለተበላሸ ሳይሆን ስሟ ስለተቀያየረ፣ ሥዕሉ በዘመድ እጅ ስለሚዞር፣ ወረቀቱን ተከታትሎ የሚያያይዝ ሰው ስለማይገኝ ነውና።

ምሳሌ የማደርጋት ሊሊ ማርቲን ስፔንሰርን ነው። በ1850ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከሥዕሎቿ የተባዙ ህትመቶች በየሰው ሳሎን ይሰቀሉ ነበር፣ በብሩሿ ቤተሰብ ታስተዳድር ነበር፣ 13 ልጆች ወልዳ 7ቱ አድገውላታል። እንዲህ ያለች ሴት ከሞተች በኋላ ለረጅም ጊዜ ተረስታ ቆይታ በ1973 ዋሽንግተን ውስጥ ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅላት ነው ስሟ በደንብ የተነሳው፣ እኔ ይሄ ያንገበግበኛል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። መዝገባችሁንም በዚያው ብቻ ያዙ፣ ሁለቱን አቆጣጠር አንድ ኮለም ውስጥ ቀላቅላችሁ ብታስገቡ በኋላ ማንም አይፈታውም።)

ደረጃ 1፦ ከሥዕሉ በፊት የህይወት መስመሯን ሥሩ

ሥዕል ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ገጽ ላይ ዓመት፣ ከተማ እና በዚያ ሰዓት የምትጠራበትን ስም ጎን ለጎን ጻፉ። የሊሊ እንዲህ ይመጣል፦ 1822 እንግሊዝ አገር ኤክሰተር ውስጥ ከፈረንሳውያን ወላጆች ተወለደች፣ 1830 ቤተሰቡ ኒውዮርክ ገባ፣ 1833 ማሪዬታ ኦሃዮ፣ 1841 ሲንሲናቲ፣ 1844 ቤንጃሚን ስፔንሰርን አገባች፣ 1848 ኒውዮርክ፣ 1858 ኒውዋርክ ኒው ጀርሲ፣ ከዚያ በ1880 አካባቢ ሃድሰን ወንዝ ዳር ያለችው ሃይላንድ፣ 1902 ኒውዮርክ ውስጥ አረፈች።

ይቺ ገጽ ሁሌም አጠገባችሁ ትሁን፣ ምክንያቱም ዓመት ያልተጻፈበትን ሥዕል ዘመኑን የምትገምቱት በእሷ ነው። ለምሳሌ ስፔንሰር የሚል ፊርማ ያለበት ሥዕል 1842 ነው የሚል ሰው ቢመጣ፣ ሴትዮዋ ያኔ ገና ስፔንሰር አልሆነችም፣ ስለዚህ ወይ ዓመቱ ልክ አይደለም ወይ ፊርማው በኋላ የተጨመረ ነው ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ያለ ምንም ላቦራቶሪ ወንበር ላይ ቁጭ ብላችሁ ትይዙታላችሁ።

ስሞቿን ደግሞ ለብቻ ዘርዝሩ። ስትወለድ አንጀሊክ ማሪ ማርቲን ነበረች፣ ቤት ውስጥ ሊሊ፣ ከጋብቻ በኋላ ሊሊ ኤም ስፔንሰር፣ የዘመኑ ጋዜጣ ላይ ደግሞ ሚስስ ስፔንሰር ብቻ፣ ወይ በባሏ ስም መነሻ ፊደሎች ሚስስ ቢ አር ስፔንሰር ልትባል ትችላለች። ሊሊ የሚለውን በአንድ ኤል የሚጽፈውም አለ። እናቷም አንጀሊክ ስለምትባል አንጀሊክ ማርቲን የሚል ደብዳቤ ስታገኙ የእናቲቱ ይሁን የልጅቷ ሳታጣሩ አታስገቡ። ቤንጃሚን ስፔንሰር ደግሞ የራሱን ሥራ ትቶ ቤቱንም የእሷንም ሥራ ያግዝ የነበረ ሰው ነው፣ ስለዚህ ደረሰኝና የንግድ ደብዳቤ በሱ ስም ሊገኝ ይችላልና እሱንም ፈልጉ። እያንዳንዱን የስም ዓይነት ለየብቻ ሰርች አድርጉ፣ ሰነፍ ሰርች ያለፈው ሥዕል ለዘላለም ያለፈ ነው።

ደረጃ 2፦ ሺቱን ክፈቱ

ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም፣ ኤክሴል ወይ ጉግል ሺት ይበቃል። ሕጉ አንድ ዕቃ አንድ ረድፍ ነው። ኮለሞቹ፦ የራሳችሁ ቁጥር፣ ዋና ርዕስ፣ ሌሎች ርዕሶች፣ ዓመት፣ ዓመቱ ከየት እንደመጣ፣ በምን ላይ በምን እንደተሠራ፣ ቁመት፣ ወርድ፣ ፊርማው እንዳለ ቃል በቃል እና የት ጥግ ላይ እንዳለ፣ ጀርባው ላይ ያለ ጽሑፍ ሁሉ፣ መግለጫ፣ አሁን ያለበት ቦታ ከነሙዚየም ቁጥሩ፣ የባለቤትነት ታሪክ፣ ኤግዚቢሽን፣ የተጠቀሰበት ቦታ፣ የእናንተ አስተያየት፣ እና ያያችሁት በአካል ይሁን በፎቶ ብቻ።

የመጨረሻዋን ኮለም ሰው ይንቃታል፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የማምናት እሷን ነው። በስልክ ስክሪን ያየኸው ሥዕልና ፊት ለፊት ቆመህ ያየኸው ሥዕል አንድ አይደሉም፣ ካታሎጉን የሚጠቀመው ሰው የትኛው የትኛው እንደሆነ የማወቅ መብት አለው። የአስተያየት ኮለሙም ከሌላው መለየት አለበት፣ ዓይን ያየውና ሰው የገመተው አንድ ሴል ውስጥ ከገቡ ከሁለት ዓመት በኋላ ራሳችሁም አትለዩአቸውም።

ደረጃ 3፦ ለቀማ

ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ሙዚየሞች፣ ዌብሳይታቸው ላይ ስሟን መትታችሁ ያለውን አውጡ። የሊሊ ዋና ዋናዎቹ የታወቁ ናቸው፦ ብሩክሊን ሙዚየም፣ ስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ሜትሮፖሊታን፣ ዲትሮይት፣ ኒውዋርክ፣ ሮቼስተር ያለው ሜሞሪያል አርት ጋለሪ፣ ኦሃዮ ታሪክ ተቋም እና በሱ ሥር ማሪዬታ ያለው ካምፐስ ማርሺየስ ሙዚየም። ዲሲና ዙሪያዋ ያላችሁ እድለኞች ናችሁ፣ ስሚዝሶኒያን መግቢያው ነጻ ነው፣ ግን ከመሄዳችሁ በፊት ሥዕሉ ለእይታ ወጥቶ እንደሆነ ዌብሳይቱ ላይ አረጋግጡ።

ቀጥሎ ስሚዝሶኒያን የያዘው የአሜሪካ ሥዕሎች ዝርዝር አለ፣ ከ1914 በፊት የተሠሩ ሥዕሎችን በመላ አገሪቱ የመዘገበ ዳታቤዝ ነው፣ ትናንሽ የከተማ ሙዚየሞችና የግለሰብ ንብረቶችም ይገኙበታል። ከዚያ የድሮ ኤግዚቢሽን ዝርዝሮች፣ በተለይ ኒውዮርክ ያለው ናሽናል አካዳሚ ኦፍ ዲዛይን የሚባለው የሠዓሊዎች ማኅበር። ከዚያ ደብዳቤዎች። ከዚያ የጨረታ መዝገቦች፣ እነሱን መጨረሻ ያደረግኳቸው ሆን ብዬ ነው፣ ጨረታ ቤት ሻጭ ነው፣ ሻጭ ደግሞ "የእሷ ነው" ማለት ይቀለዋል።

ስለ ደብዳቤዎቹ ትንሽ ልጨምር። ሊሊ ኒውዮርክ ሆና ኦሃዮ ላሉት ወላጆቿ ትጽፍ ነበር፣ ምን እየሣለች እንደሆነ፣ ገንዘብ እንዴት እንዳጠራት፣ ልጆቹ እንዴት እንደሆኑ ሁሉ። ወረቀቶቿ የአሜሪካ ሥነ ጥበብ አርካይቭስ ውስጥ አሉ። እነዚህን ስታነቡ አንድ ብልሃት ያዙ፦ "አንድ ትንሽ ሥዕል ጨረስኩ" ዓይነት ነገር ስታገኙ ይሄ ያ የማውቀው ሥዕል ነው ብላችሁ ወዲያው አታጣብቁት። ለብቻው ረድፍ ክፈቱለት፣ የደብዳቤውን ቀን ጻፉ፣ በኋላ ማስረጃ ሲመጣ ሁለቱን ረድፍ ማዋሃድ ቀላል ነው፣ አንዴ የተዋሃደን መለየት ግን ጭንቅ ነው።

ደረጃ 4፦ ሥዕሉ ፊት ሲቆሙ

እዚህ ጋ አትቸኩሉ። ይዛችሁ የምትሄዱት ለስላሳ የጨርቅ ሜትር (የብረቱ ሸራ ይቧጭራል)፣ እርሳስ (ሥዕል አጠገብ እስክሪብቶ አይፈቀድም)፣ ትንሽ ባትሪ፣ ማጉያ መነጽር እና ከተፈቀደ ካሜራ ከቀለም ካርድ (ፎቶው ላይ ቀለሙ ልክ መሆኑን ማነጻጸሪያ) ጋር ነው። ጀርባውን ማየት ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ በኢሜል ጠይቁ፣ ፍሬሙን የሚያወርደው የሙዚየሙ ሰው ነው፣ እናንተ እጃችሁን ሰብስቡ።

ልኬት ስትጽፉ ሁልጊዜ ቁመት ይቅደም። ቀላል ይመስላል ግን የኒውዋርኩ የ1866 ሥዕል፣ ዋር ስፒሪት አት ሆም፣ ወደ 76 በ83 ሴንቲ ነው፣ ካሬ ለመሆን ትንሽ የቀረው፣ እንዲህ ያለውን ገልብጣችሁ ብትጽፉት ማንም ሳያስተውል ያልፋል፣ ከዚያ ሌላ ሰው ሌላ ሥዕል መስሎት ሁለት ጊዜ ይቆጥረዋል። በኢንች የተጻፈ ካገኛችሁ በ2.54 አባዙና ሁለቱንም አስቀምጡ። የለካችሁት ሙሉውን ሸራ ይሁን ፍሬሙ ውስጥ የሚታየውን ብቻ እሱንም ጻፉ።

ፊርማውን ያያችሁትን ብቻ ኮፒ አድርጉ። ነጥብ ካለው ከነነጥቡ፣ ፊደል ከጠፋ ባዶ ቦታ ተዉ፣ "መሆን ያለበትን" አትሙሉበት። ባትሪውን ከጎን አጋድማችሁ ስታበሩ ቀለሙ ጉብ ጉብ ያለበትና የተስተካከለበት ቦታ ይወጣል። ሙዚየሙ አልትራቫዮሌት መብራት ካለው ለምኗቸው፣ የቆየ ቫርኒሽ አረንጓዴ ነገር ሆኖ ያበራል፣ በኋላ የተነካካ ቦታ ደግሞ ጥቁር ሆኖ ይታያል፣ ፊርማው ከቫርኒሹ በላይ ተንሳፍፎ ከታየ ጥያቄ አለ ማለት ነው። የቀለም ምርመራ የተሠራለት ከሆነም ሪፖርቱን ጠይቁ፦ ታይታኒየም የሚባለው ነጭ ቀለም ሠዓሊዎች እጅ የገባው እሷ ካረፈች ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፣ ስለዚህ ሥዕሉ ላይ ከተገኘ ወይ ቆይቶ ተጠግኗል ወይ የእሷ አይደለም።

ከሁሉም የምወደው ግን ጀርባው ነው። ከፊት ያለውን ሁሉም ሰው ያየዋል፣ ጀርባው ላይ ግን ሸራውን የሸጠው ሱቅ ማህተም፣ የኤግዚቢሽን ተለጣፊ ወረቀት፣ በጠመኔ የተጻፈ የጨረታ ቁጥር፣ አንዳንዴም የአንዲት አያት እጅ ጽሑፍ ይገኛል። የሱቁ ማህተም አድራሻ ካለው ደግሞ የዚያን ዘመን የከተማ አድራሻ መጽሐፍ ከፍታችሁ ሱቁ እዚያ መንገድ ላይ የነበረው ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ ታያላችሁ፣ ሸራው ከዚያ በፊት ሊሣል አይችልም። እያንዳንዷን ወረቀት ለየብቻ ፎቶ አንሱ፣ ከነተቀደደ ጫፏ።

መግለጫውን ስትጽፉ "ወጣት ሴት ኩሽና ውስጥ" ብላችሁ አትለፉ። ሊሊ ኩሽና ውስጥ ያለች ወጣት ሴት ደጋግማ ሥላለች! በ1852 ገደማ የተሠራው፣ አሁን ሮቼስተር ያለው፣ ሽንኩርት እየላጠች ዓይኗ ያነባ ሴት ነው። በ1854ቱ ሼክ ሃንድስ ላይ ሊጥ የነካውን እጇን ለሰላምታ የዘረጋች ሴት ናት። በብሩክሊኑ የ1856 ሥዕል ላይ ደግሞ ሞላሰስ (ከስኳር የሚወጣ ወፍራም ጥቁር ሽሮፕ) ያለበት ማንኪያ ይዛ ፈገግ ያለች፣ ፊቷ ፍራፍሬ የተደረደረላት ሴት ናት። ፎቶ የሌለው የድሮ የጋዜጣ ወሬ ስታገኙ የትኛው ሥዕል እንደሆነ የሚነግራችሁ እጇ ላይ ያለው ነገር ነው፣ ስለዚህ እጅ፣ ዕቃ፣ ልብስ፣ ከኋላ ያለ በር ወይ መስኮት፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ ሁሉም ይጻፍ። ሌላ ቦታ አጭር ሁኑ፣ እዚህ ግን አትሰስቱ።

ደረጃ 5፦ ርዕስ

አንድ ሥዕል ሦስት አራት ርዕስ ይኖረዋል። ዲትሮይት ያለው የ1849 ሥዕል ዶሜስቲክ ሃፒነስ ይባላል፣ "ዝም በሉ፣ እንዳትቀሰቅሷቸው" የሚል ትርጉም ባለው በሌላ ርዕስም ይታወቃል። ስሚዝሶኒያን ያለው ትልቁ የ1869 ፖርትሬት፣ ቁመቱ ወደ 182 ሴንቲ የሆነው፣ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች ወይዘሮ ጽጌረዳ ይዛ የቆመችበት፣ ዊ ቦዝ መስት ፌድ ይባላል፣ በቅንፍ ደግሞ ሚስስ ፊትያን። በአንዱ ስም ፈልጎ ያጣ ሰው በሌላው ማግኘት አለበት። ዋና ርዕስ የምታደርጉት በህይወት እያለች ለመጀመሪያ ጊዜ በህትመት የወጣውን ይሁን፣ ሌሎቹን ከነዓመታቸውና ከነምንጫቸው ከሥር። የእንግሊዝኛውን ርዕስ በራሱ ፊደል እንዳለ አስቀምጡ፣ አማርኛ ትርጉም ከፈለጋችሁ ለብቻው ኮለም ስጡት፣ ርዕሱን ተክቶ እንዳይገባ።

ደረጃ 6፦ ህትመቶቹን ለዩ

ከሥዕሎቿ ብዙዎቹ በሊቶግራፍ (ድንጋይ ላይ ተሥሎ ወረቀት ላይ በሚታተም ህትመት) ተባዝተው ተሸጠዋል፣ ጉፒል የሚባለው የፈረንሳይ ድርጅትና ኒውዮርክ የነበረው ዊልያም ሻውስ ናቸው ዋናዎቹ አሳታሚዎች፣ ብዙዎቹም በእጅ ቀለም የተቀቡ ናቸው። ድንጋዩ ላይ የሣለው ሌላ ሰው ስለሆነ ህትመቱ የእሷ ዘይት ቀለም ሥራ ተብሎ አይመዘገብም፣ ግን እንዲሁም አይጣልም፣ ምክንያቱም ዋናው ሥዕል ጠፍቶ ህትመቱ ብቻ የቀረበት ጊዜ ሥዕሉ ምን ይመስል እንደነበር ያለን ማስረጃ እሱ ብቻ ነው። የሊቶግራፍ ሺት ለብቻ ክፈቱና ከዋናው ሥዕል ቁጥር ጋር አያይዙ። በማጉያ ስታዩ የድንጋዩ ፍርፍር ያለ ነጠብጣብ ይታያል፣ ከሥሩም የሠዓሊዋ፣ የሊቶግራፈሩና የአሳታሚው ስም በትንሹ ተጽፎ ይገኛል። ያ ጠርዝ ተቆርጦ፣ ወረቀቱ ሸራ ላይ ተለጥፎ ቫርኒሽ ከተቀባ ከሩቁ ዘይት ቀለም ይመስላልና ተጠጉና እዩ።

ደረጃ 7፦ የጠፉትን አስገቡ

አሁን ወደ ልቤ ነገር መጣሁ። በዚያ ዘመን አርት ዩኒየን የሚባሉ ማኅበራት ነበሩ፣ የኒውዮርኩ አሜሪካን አርት ዩኒየን አባል በዓመት 5 ዶላር ይከፍላል፣ አንድ ህትመት ይደርሰዋል፣ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ደግሞ በሎተሪ ዋናውን ሥዕል ሊያገኝ ይችላል። ፍርድ ቤት ይሄ ሎተሪ ሕገ ወጥ ነው ብሎ በ1852 ገደማ እስኪዘጋ ድረስ እንዲህ ቀጠለ። ሲንሲናቲም ዌስተርን አርት ዩኒየን ነበራት፣ የሊሊ ሥራ በእነዚህ በኩል ወጥቷል።

ይሄ ለካታሎግ ሠሪ ወርቅ ነው፣ ለምን ብትሉ ማኅበራቱ የሥዕሉን ርዕስ፣ የሠዓሊውን ስምና ዕጣ የወጣለትን ሰው ስም ከነከተማው ያትሙ ነበር። አንድም ሰው ዛሬ ያላየው ሥዕል እንኳ ርዕስ፣ ዓመትና የመጀመሪያ ባለቤት ይዞ መዝገባችሁ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ባለቤቱ የነበረበትን ከተማ ይዛችሁ የአካባቢውን የታሪክ ማኅበር፣ የኑዛዜ መዝገብ፣ የድሮ ጋዜጣ ተከታተሉ። ለጠፋ ሥዕል የምትሰጡት ቁጥር ከሌላው ያነሰ አይደለም፣ በተራው ይሰለፋል፣ የቦታ ኮለሙ ላይ ብቻ "ያለበት አይታወቅም፣ መጨረሻ የታየው" ብላችሁ ዓመቱንና ቦታውን ትጽፋላችሁ። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለን ሥዕል ማንም አይፈልገውም፣ ከገባ ግን አንድ ቀን ሰገነት ላይ ያገኘው ሰው ስሙን መትቶ እናንተ ጋ ይደርሳል።

በ1876 ፊላደልፊያ ላይ በተደረገው የመቶኛ ዓመት ኤግዚቢሽን የሴቶች ድንኳን ውስጥ ሊሊ ትሩዝ አንቬይሊንግ ፎልስሁድ የሚለውን ትልቅ ሥራዋን አሳይታ ነበር፣ እንዲህ ያሉ የኤግዚቢሽን ዝርዝሮችንም በዚሁ መንፈስ ከዳር እስከ ዳር አንብቧቸው፣ የፈለጋችሁትን ገጽ ብቻ አይደለም።

ደረጃ 8፦ የእሷ ነው አይደለም

አራት ደረጃ በቂ ነው፦ የእሷ መሆኑ የተረጋገጠ፣ የእሷ ሳይሆን አይቀርም፣ አጠራጣሪ፣ የእሷ አይደለም። የመጨረሻዎቹንም አታጥፏቸው፣ ከነምክንያቱ ለብቻ አስቀምጡ፣ አለዚያ ያው ሥዕል በየአሥር ዓመቱ ተመልሶ ይመጣል። ለማረጋገጥ ፊርማ ብቻውን አይበቃም፣ ቢያንስ ሌላ አንድ ነገር ይዞ ይምጣ፦ የደብዳቤ ማስረጃ፣ ያልተቋረጠ የባለቤትነት ታሪክ ወይ የዘመኑ ኤግዚቢሽን።

ደረጃ 9፦ የባለቤትነት ታሪክ

ከመጀመሪያው ባለቤት ወደ ዛሬው ውረዱ፣ ክፍተት ካለ ክፍተት ብላችሁ ጻፉ። የቤተሰብ ፖርትሬት ብዙ ጊዜ በውርስ ለሴት ልጅ ይተላለፋል፣ ሴት ልጅ ደግሞ ስታገባ ስሟ ይቀየራል፣ ስለዚህ መስመሩ የተቋረጠ የሚመስለው ቦታ ላይ የጋብቻ መዝገብ እዩ። በህይወት ያለ የግል ባለቤት ስምና አድራሻ ሳይፈቅድ አይወጣም፣ "የግል ስብስብ" ይበቃል፣ ዝርዝሩ እናንተ ጋ ብቻ ይቀመጥ።

ደረጃ 10፦ ቁጥር፣ ፎቶ፣ ማጋራት

ቁጥሩ አንዴ ከተሰጠ አይቀየርም። ሌላዋ አሜሪካዊት ሠዓሊ የሜሪ ካሳት ሥራዎች ላይ አደሌን ብሪስኪን በ1970 ያወጣችው ካታሎግ የሰጠው ቁጥር እስከ ዛሬ ድረስ ጨረታ ቤቱም ሙዚየሙም የሚጠራበት ነው፣ በመሃል ቢቀያየር ኖሮ ሁሉም ይምታታ ነበር። ፎቶዎቹን በዚያው ቁጥር ሰይሟቸው፣ ፊት፣ ጀርባ፣ ፊርማ እያላችሁ፣ ኮፒውንም ሌላ ቦታ አስቀምጡ።

ኮፒራይት አያስጨንቃችሁ፣ ሊሊ ካረፈች ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆነ ሥዕሎቹ የሕዝብ ናቸው፣ የፎቶው ፈቃድ ግን እንደየሙዚየሙ ነው። ሜትሮፖሊታን ከ2017፣ ስሚዝሶኒያን ከ2020 ጀምሮ ብዙ ምስል ያለ ክፍያ ለቀዋል፣ ሌሎቹን ጠይቁ። ከዚያ ሺታችሁን ዊኪዳታ (ማንም ሊጨምርበት የሚችል ነጻ የኢንተርኔት ዳታቤዝ) ላይ ጫኑ፣ ለእያንዳንዱ ሥዕል የራሱ ገጽ፣ ከነሙዚየም ቁጥሩና ምንጩ፣ ተመዝግቦ ያለ ከሆነ ግን አዲስ ሳትከፍቱ የጎደለውን ሙሉ።

ካታሎጉ ከወጣ በኋላ አዲስ ሥዕል ሲገኝ በዓመቱ ቦታ መሃል ላይ አታስገቡት፣ መጨረሻ ላይ ቀጣዩን ቁጥር ስጡና መቼ እንደተጨመረ ጻፉ፣ ጠፍቷል ተብሎ የገባ ሥዕል ከተገኘ ደግሞ የድሮ ቁጥሩን እንደያዘ የቦታ ኮለሙን ብቻ ቀይሩለት።